ጎራ የሚለው ቃል በእኛ ቤት

ልጄ «እኛ ቤት ምንም የለም» ያለችኝ መኪና ውስጥ ነው። ከትምህርት ቤት ወስጃት ዴንቨር ዳር ወዳለው ሰፈራችን፣ ወደ ግሪን ቫሊ ራንች እየነዳሁ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ቁጡ ናት፤ በማን እንደወጣች እኔን የሚያውቅ ሰው አይጠይቅም። ቦርሳዋን እግሯ ሥር ወርውራ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀምጣለች። «ምን ማለት ነው ምንም የለም?» አልኳት። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ነው ሁሉንም የዘረገፈችው።

ትምህርት ቤታቸው በየዓመቱ ለታሪክ ውድድር ተማሪ ይልካል። ከእሷ ክፍል የሚሄደው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ልጄ የመረጠችው ርዕስ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንዴት እንደተቀያየሙ፣ ቀዝቃዛው ጦርነት የሚባለው ነገር ከየት እንደተነሳ የሚል ነው። ስንት ሳምንት ስትለፋበት በዓይኔ አይቻለሁ። ምግብ ቀርቦ እየተጠራች «አንድ ደቂቃ» ስትል ወጡ ይቀዘቅዝ ነበር። አስተማሪዋ አንብባ ጨረሰችና ሥራው ጥሩ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ግን አንቺ የለሽበትም አለቻት። ይህን ማንም ጎበዝ ልጅ ሊጽፈው ይችላል፤ ከአንቺ ቤት የመጣ ነገር አሳዪኝ፤ እስከ ሰኞ ካላመጣሽ ሌላ ተማሪ እልካለሁ። ነገሩ ይህ ነው።

የክፍሏ ልጆች ከየቤታቸው የሚያመጡት ሞልቷቸዋል። የአንዱ አያት እዚሁ አውሮራ ከተማ ጫፍ፣ ዛሬ መኖሪያ መንደር በሆነው የድሮ የአየር ኃይል ሰፈር ያገለገሉ ናቸው። የሌላዋ ሴት አያት ልጅ ሳሉ ቦምብ ቢመጣ እየተባለ ዴስክ ሥር መደበቅ ይለማመዱ ነበር። «እኛ ግን ዊ ሃቭ ናቲንግ፣ ማሚ» አለችኝ። «ኢትዮጵያ ስቶሪው ውስጥ የለችም።»

እኔ የኤርፖርት ማመላለሻ ሹፌር ነኝ። መንገደኛውን ከመኪና ማቆሚያው ወደ ተርሚናሉ አደርሳለሁ። በረራ ሊያመልጠው ነው ተብሎ ስንቱ ጮሆብኛል፤ ፈገግ ብዬ ሻንጣውን አውርጄለታለሁ። እንዲህ የሚያንጨረጭር ነገር ግን ከማንም ሰምቼ አላውቅም። የለችም? እኔ ልጅ ሳለሁ አደባባያችን ላይ የሦስት ጺማም ፈረንጆች ሥዕል ተሰቅሎ ከአጎቶቼ ፊት ይልቅ የእነሱን ፊት ለይቼ አውቅ ነበር። ስለ ዓለም ወዛደር እየዘመርን ነው ሀ ሁ የቆጠርነው። «ጫማሽን አድርጊ» አልኳት። «ቤት ስንደርስ አባባን ጠይቂያቸው። ከዚያ ምንም የለም ትይኛለሽ።»

አባባ የምትለው አባቴን ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ አምጥቻቸው ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከባድ መኪና መካኒክ ነበሩ። አሁንም ባለቤቴ ትራኩን ይዞ ከመንገድ ሲመለስ መጀመሪያ ሞተሩን አዳምጠው ነው ሰላም የሚሉት። እኔ እርስዎ እያልኩ ያደግሁትን ሰው ልጄ «አንተ» ትላቸዋለች። በመጀመሪያ ሰሞን ልቆጣት ስል «ተያት፣ ከእሷ አፍ ሲወጣ ደስ ይለኛል» አሉኝ። እኔ አንድ ቀን ብሞክረው ምን እንደሚከተለኝ ግን አውቃለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡ፤ እሷ ላፕቶፗን ከፍታ፣ እሳቸው ሻያቸውን ይዘው። ወደ ሥራ ልወጣ ቁልፌን ስፈልግ አባቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሲጀምሩ ሰማሁ። «ያን ጊዜ ዓለም በሁለት ጎራ ተከፍላ ነበር። የምዕራቡ ጎራ አለ፣ የምሥራቁ ጎራ አለ። አንዱ ጎራ ሌላውን ጎራ...» ልጄ ትጽፋለች። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ቀኑን ሙሉ ከተርሚናል ተርሚናል ስመላለስ ነገሩ መስመር ይዟል ብዬ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ልምምዷን ልታሰማኝ ሳሎን መሃል ቆመች። አባቴ ሶፋው ላይ ጋደም ብለው ቴሌቪዥኑን ያለ ድምፅ ያያሉ። አጀማመሯ ልብ የሚሞላ ነበር። ጀርመንን አብረው ያሸነፉ ሁለት አገሮች ድሉን መካፈል እንዳቃታቸው፣ በርሊንን ቆራርሰው ከያዙ በኋላ አንዱ ሌላውን በጎሪጥ ማየት እንደጀመረ፣ አንዱ ነጻነት ሲል ሌላው እኩልነት ሲል ሁለቱም ከቃሉ ሥር ፍርሃታቸውን እንደደበቁ በእንግሊዝኛ እንደ ውሃ አፈሰሰችው። እኔ የወለድኳት ልጅ ናት ይህን የምትለው እያልኩ ተቀምጫለሁ። ቀጥላ እንዲህ አለች፦ በአያቴ ቋንቋ እነዚህ ሁለት ወገኖች «ሁለቱ ጉብኝቶች» ይባላሉ፤ አንዱ የምዕራብ ጉብኝት፣ ሌላው የምሥራቅ ጉብኝት።

ሳቄ አመለጠኝ። ሆዴን ይዤ ነው የሳቅሁት።

«ምኑ ነው የሚያስቅሽ?»

«ጉብኝቱን ከየት አመጣሽው?»

«አባባ ነው ያለኝ! ጎራ፣ ጎራ፣ ጎራ። ላይክ፣ መቶ ጊዜ ነው ያለው።»

«ጎራ እኮ ወገን ማለት ነው። ካምፕ! ጎራ ለየ ሲባል አልሰማሽም?»

«ኖ። አንቺ ለአክስቴ ስልክ ላይ ምንድነው የምትያት? ‹ከቶርንተን ስትመጪ ጎራ በዪ።› ጎራ በዪ ሚንስ ስቶፕ ባይ። ካም ሲ አስ።»

ልጅቱ እውነቷን ነው። እኅቴ ቶርንተን ነው የምትኖረው፤ ስልክ በዘጋሁ ቁጥር «ጎራ በዪ እንጂ» እላታለሁ። ይህ ቃል ሁለት ሆኖ አፌ ውስጥ ሲኖር ዕድሜዬን ሙሉ ጎን ለጎን አስቀምጬው አላውቅም። የካድሬው ጎራ በአንድ በኩል፣ የእኅቴ ጎራ በሌላ በኩል፤ ተያይተውም አያውቁ። አማርኛ ሲሳሳት ማለፍ የማይሆንልኝ ሰው ነኝና ይኼኛው ሌላ ነው፣ ያኛው ሌላ ነው፣ አንዱ ጠብ ነው ሌላው እንግድነት ነው ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። እሷ ግን ከእንግዲህ አልሰማችኝም። ላፕቶፑን ዘጋችው። «ሰኞ ነገ ነው። ያለኝ እሱ ብቻ ነበር» አለች፤ ዓይኗ ሞላ። ልጄ ስታለቅስ አልወድም፤ ከእኔ ሳቅ የተነሳ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ አልወድም።

አባቴ ከሶፋው ቀና አሉ። «ምን አጥፍታ ነው?»

ነገርኳቸው። እሳቸውም ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። ልጄን አዩዋትና «ታዲያ ምኑ ላይ ነው የተሳሳተችው?» አሉኝ።

«ኧረ አባዬ፣ ጎራ እኮ—»

«ጎራ ምን እንደሆነ እኔ ላስተምርሽ ወይስ አንቺ ታስተምሪኛለሽ?» አሉ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ። ትናንት እንደ ጋዜጣ ነው ያወራሁሽ። አሁን የሆነውን ልንገርሽ።»

አጠገባቸው ተቀመጠች። አባቴ ሲናገሩ እጃቸው አብሮ ይናገራል፤ ጣቶቻቸው ብሎን የያዙ ይመስላሉ።

«መጀመሪያ አሜሪካኖቹ ጎራ አሉ። መንገድ እንሠራለን ብለው ነው የመጡት። ግሬደሩ፣ ገልባጩ፣ ሁሉም የእነሱ ነው። እኔ ያን ጊዜ ጎረምሳ ነኝ፤ ጋራዡ ውስጥ ገባሁና ሥራ ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው። መፍቻቸው ሁሉ በኢንች ነው። ግማሽ ኢንች፣ ሦስት ሩብ ኢንች። እጄ በኢንች ሠለጠነ። ብሎኑን በጨለማ ስነካው ልኩን አውቃለሁ። ደህና። ከዚያ መንግሥት ተገለበጠ። እነዚያ ወጡ፤ ራሺያዎቹ ጎራ አሉ። ኦራል መጣ።»

«ኦራል ምንድነው?» አለች ልጄ።

«ወታደር የሚጫንበት የራሺያ ከባድ መኪና ነው» አልኳት።

«ኦራሉን ልፈታ ሥሩ ተኛሁ» አሉ አባቴ፤ «መፍቻዬ አልገባ አለ። ብሎኑ ሁሉ በሚሊ ነው። የኢንች መፍቻ በሚሊ ብሎን ላይ ስታስገቢ ወይ እንቢ ይላል፣ ወይ ይገባና ስታዞሪው ጠርዙን ይበላዋል። የሁለቱን ጠብ እኔ ያየሁት እዚያ ነው፤ መኪና ሥር ተኝቼ። ሁለት ሳጥን ያዝኩ። ቀዩ ሳጥን የኢንች፣ ጥቁሩ የሚሊ። በኋላ የአሜሪካኑ ገልባጭ መለዋወጫው ጠፋ፤ የሚልከው ሰው የለም። እኔ ምን አደረግሁ? ከተሰበረ ኦራል ላይ ፈትቼ፣ ሞርጄ፣ አስተካክዬ ገጠምኩለት። ሄደ! ግማሽ አሜሪካን፣ ግማሽ ራሺያ ሆኖ ዳገት ወጣ። እነሱ በራድዮ ይሰዳደባሉ፤ እኔ ጋ አንድ ቻሲ ላይ ሆነው አሸዋ ያመላልሳሉ።»

ይህን ሲሉ ፊታቸው በራ። ገልባጩን እኔም አስታውሰዋለሁ። አባቴ አንድ ጊዜ ሰፈር ድረስ ነድተውት መጥተው ልጆች ሁሉ ከበውት ነበር። የእኔ አባት መኪና ነው እያልኩ ማንንም አላስነካሁም።

«አንድ ነገር ልጨምርልሽ» አሉ። «የሦስት ሩብ ኢንች መፍቻና የአሥራ ዘጠኝ ሚሊ መፍቻ አንድ ናቸው። ከፈለግሽው ሳጥን አንሺ፣ ከሁለቱም ብሎን ጋር ይገጥማል።»

«ዌይት፣ ሪሊ?» ልጄ ላፕቶፑን ከፈተችው። ፈለገች፣ አገኘች። ልዩነታቸው በዓይን የማይታይ ነው። «ማሚ! ሂ ኢዝ ራይት!»

«መቼ ተሳስቼ አውቃለሁ?» አሉ አባቴ።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ጎራ ያለ እንግዳ ባዶ እጁን አልመጣም አሉ። አሜሪካኖቹም መሣሪያ ሰጥተዋል፣ ራሺያዎቹም ሰጥተዋል። እሳቸው በጠገኑት ኦራል የሰፈር ልጆች ተጭነው ወደ ጦር ሜዳ ሄዱ። የተመለሱትን በስም ያውቋቸዋል፤ ብዙ አይደሉም። ልጄ መጻፏን አቁማ እጃቸውን ያዘች። እኔ ሻይ ላመጣ ተነሳሁ።

ሰኞ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ከመኪኖቹ ተርታ ተሰልፌ ጠበቅኋት። ከሩቅ ስትመጣ ፊቷን ለማንበብ ሞከርኩ፤ ይቺ ልጅ ፊቷን መቆለፍ ታውቃለች። በሩን ከፍታ ገባች፤ ቀበቶዋን አሰረች። «እኔን ነው የምትልከኝ» አለች በአማርኛ። ክላክሱን ተጫንኩት። ከፊቴ ያለው ሰውዬ በመስኮት ብቅ ብሎ ምን እንደሆንኩ በእጁ ጠየቀኝ፤ እኔም በእጄ ልጄን አሳየሁት። «ማሚ፣ ስቶፕ!» እያለች ወንበሩ ላይ ተንሸራታ ጠፋች።

ውድድሩ ዳውንታውን ዴንቨር አንድ ኮሌጅ ውስጥ ነበር። አባቴ ዋዜማውን ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ሄደው ፀጉራቸውን ተስተካክለዋል፤ በአሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ብቻዬን ሄጄ ብቻዬን እመለሳለሁ ብለው፣ ተመልሰዋልም። ጠዋት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራባት አስረው፣ ከሁላችንም ቀድመው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ባለቤቴ መንገድ ላይ ነው፤ በስልክ በየሰዓቱ ይጠይቃል። ኤርፖርት ሙሉ ሰው የማመላልስ ሴት ዳውንታውን ፓርክ ማድረጊያ አጥቼ ሦስት ዙር ዞርኩ። አባቴ ከኋላ ወንበር ምክር ሲሰጡኝ ነበር፤ ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው እዚህ አልጽፈውም።

ክፍሉ ሰፊ አይደለም። ሦስት ዳኞች ከፊት፣ ወላጆች ከኋላ። ልጄ ተነስታ ፊታቸው ቆመች። አልተርበተበተችም። የሁለቱን ኃያላን ጠብ ከበርሊን አነሳችው። አውሮፓ ፈርሶ አንዱ ዕርዳታ ሲያቀርብ ሌላው የራሱን ሰፈር እንዳይቀበል ሲከለክል፣ ከዚያ እያንዳንዱ «እኔ ካልገባሁበት እሱ ይገባበታል» እያለ በጠቡ ውስጥ ምንም ያልነበረበትን ሰው በር ማንኳኳት እንደጀመረ አስረዳች። ከዚያ ስለ ቃሉ ነገረቻቸው። በእኛ ቋንቋ የጦር ወገንና የእንግዳ ብቅ ማለት አንድ ድምፅ አላቸው፤ እኔም ቃሉን ተሳስቼ ነው የሰማሁት፣ አያቴ ግን ስህተት መሆኑን አልተቀበለኝም አለች። ሰው ሳቀ። ቀዩንና ጥቁሩን ሳጥን፣ ዳገት የወጣውን ገልባጭ፣ አሥራ ዘጠኙን መፍቻ ተናገረች። እኔ በአባቴ ጆሮ እያንሾካሾክሁ እተረጉማለሁ፤ እሳቸው ወደፊት ዘንበል ብለው ራሳቸውን እየነቀነቁ እያንዳንዱን ቃል ያጸድቃሉ።

ስትጨርስ ከዳኞቹ አንዱ፣ ነጭ ፀጉር ያላቸው ሰውዬ፣ መነጽራቸውን አወለቁ። በጣም ወድጄዋለሁ አሉ። አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ስለ ሁለቱም ጎራ ነገርሽን፤ አያትሽ ራሳቸው ግን የየትኛው ነበሩ?

ሰውዬው በክፋት አልጠየቁም። እኔ ግን ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ አባቴ ጋራዥ ውስጥ የውይይት ክበብ ነበር፤ ካድሬው ሠራተኛውን ሰብስቦ አንድ በአንድ እያስነሳ «ጓድ፣ ጎራህን ለይ!» ይል ነበር። አባቴ የኢንች መፍቻቸውን አልጥልም በማለታቸው በጥርጣሬ ይታዩ ነበር። ተራቸው ሲደርስ አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ። ያን ጊዜ ዝምታም ያስከፍላል። ደግነቱ ሠራተኛው ቆሞላቸው፣ መኪናውን ማን ሊጠግንልህ ነው ብሎ አስለቀቃቸው። ማታ ቤት ሲገቡ ግን እናቴን ቀና ብለው አላዩዋትም። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እሳቸው አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም።

ልጄ ይህን አታውቅም። ከመድረኩ ሆና ወደ እኛ ዞረችና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በአማርኛ ጠየቀቻቸው። «አባባ፣ አንተ የየትኛው ጎራ ነበርክ ነው የሚሉት።»

እጅጌያቸውን ያዝኩ። ይቅርብዎት ልላቸው ነበር። አባቴ እጄን ቀስ አድርገው አነሱና ብድግ አሉ። የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ።

«እኔ?» አሉ። «እኔ ቤቴ ነበርኩ። ጎራ ያሉት እነሱ ናቸው።»

መተርጎሙ ቢከብዳት ልረዳት ተነሳሁ። አላየችኝም። ቀጥ ብላ ለዳኞቹ በእንግሊዝኛ ተረጎመችላቸው።

በዚያ ቀን ለስቴቱ ውድድር አልፋለች። የተሸለመችውን ሜዳልያ አባቴ እስከ ቤት ድረስ አንገታቸው ላይ አድርገውት ነው የሄዱት፤ እኅቴም ከቶርንተን ምግብ ይዛ መጥታለች። ሰው ስለ ውድድሩ ሲጠይቀኝ ግን ሜዳልያውን አላስቀድምም። የማስቀድመው ትርጉሙን ነው። አባቴ «እኔ ቤቴ ነበርኩ» ነው ያሉት። አውሮራ የተወለደችው ልጄ፣ ኢትዮጵያን በዓይኗ አይታት የማታውቀው ልጄ፣ «እኛ ቤታችን ነበርን» ብላ ተረጎመችው።